«ለጊዜው»

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ መጣ። «ጋሼ፣ ‹ለጊዜው እቤት ቆዩ፣ እንጠራችኋለን› አሉን። ተባረርን ማለት ነው?» አለኝ። የያዝኩት ቡና ቀዘቀዘ። ይቺን «ለጊዜው» የምትል ቃል እኔም አንድ ጊዜ ጽፌያት አውቃለሁ።

2001 ዓ.ም. ነው። የአንድ ልብስ ስፌት ፋብሪካ የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ ነበርኩ። ዶላር ጠፋ፣ ክር ማስመጣት አልተቻለም። ታኅሣሥ ላይ ሥራ አስኪያጁ ጠርቶ «ለሠራተኞቹ ‹ለጊዜው እቤት ቆዩ› የሚል ደብዳቤ ስጣቸው፣ ቀን ግን አታስገባ» አለኝ። ጸሐፊዬ እየተየበች ቀና አለችና «እስከ መቼ ልበል?» ስትል ጠየቀችኝ። ጎበዝ ልጅ ነበረች፤ ነጥብ እንኳ አታልፍም። «ሥራ እስኪጀመር በይ» አልኳት።

ሕጉን አላውቅም ነበር ብል ውሸት ነው። ድርጅት በገንዘብ ችግር ሥራ ሲያቆምና ሠራተኛ ሲያግድ በ3 የሥራ ቀን ውስጥ ለሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ማሳወቅ ነበረበት። እገዳውም ከ90 ቀን አያልፍም። በኋላ የወጣው የሠራተኛ ሕግ፣ አዋጅ 1156/2011ም ይህን አልለወጠውም። እኛ ለማንም አላሳወቅንም።

ጥቅምት 2002 ላይ አንዲት ልብስ ሰፊ ቢሮዬ ገባች። 7 ዓመት ሠርታለች። ደብዳቤዋን ከፌስታል አወጣችው። አራት ቦታ ታጥፎ ታጥፎ እጥፋቱ ላይ ሊበጠስ ደርሷል። ለካ በየሰኞው በር ላይ እየመጣች ጥበቃውን ስትጠይቅ ከርማለች። «ገና ነው» ይላታል፣ ትመለሳለች። ሌላ ሥራ አግኝታ «ቢጠሩኝስ» ብላ ትታዋለች።

ያኔ በሠራተኛ ቅነሳ አሰናብተናት ቢሆን ኖሮ የስንብት ክፍያ ነበራት። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለቀሩት ስድስት ዓመታት ለእያንዳንዱ የዚያ ሲሶ፣ ቅነሳ ስለሆነ ደግሞ የ60 ቀን ጭማሪ። ድምሩ የ5 ወር ደመወዝ ነው። የሁለት ወር ማስጠንቀቂያና ያልወሰደችው የዓመት እረፍት በዚህ ውስጥ የለም። የታገደ ሰው ግን ደመወዙም አበሉም ይቆማል። የሚቀረው ሥራው ብቻ ነው፤ ያውም ከተጠራ።

የድርጅቱ ጠበቃ ወረቀቱን አየና «ይርጋ» አለ፤ በሕግ መብት የሚጠየቅበት ጊዜ አልፏል ማለቱ ነው። ወደ ሥራ ለመመለስ 3 ወር፣ ክፍያ ለመጠየቅ 6 ወር፤ ሁለቱም አልፈዋል። መጀመሪያ እሷን አገድናት፣ ቀጥሎ መብቷ በይርጋ ታገደ። አልጮኸችም። «መቀሴ ሎከር ውስጥ ቀርታለች» አለችኝ። ሄጄ ፈለግኩ። ሎከሩ ተሰብሮ ነበር።

የዛሬ ልጆች የምትበሉትን ሁሉ ፎቶ ታነሳላችሁ፣ የሥራ ውላችሁን ግን አንድ ቀን ገልጣችሁ አታነቡም። ደግሞ በቃል «እቤት ቆዩ» ሲባል ትቀበላላችሁ። ደብዳቤ ጠይቁ፣ ደብዳቤው ላይ ቀን ይኑር። ታግደህ ከሆነ ቀኑ ባለቀ ማግስት በር ላይ ተገኝ። ተሰናብተህ ከሆነ ሒሳብህ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ ይከፈልህ። የጡረታ መዋጮህንም ተመልከት። አሠሪው 11፣ አንተ 7 በመቶ የምታዋጡት ከደመወዝ ላይ ነው፤ ደመወዝ በሌለበት ወር የሚገባ ነገር የለም።

ለጎረቤቴ ልጅ ግን ይህን ሁሉ አልነገርኩትም። «ከአለቃ ጋር አትጋጭ፣ ትንሽ ጠብቅ» ብዬ ሸኘሁት። የድሮው ኃላፊ አሁንም ከውስጤ አልወጣም መሰለኝ። ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ደወልኩለት። «ነገ ጠዋት ሂድና ‹እስከ መቼ?› ብለህ በጽሑፍ ጠይቅ። ደረሰኝ የሚል ፊርማ ሳትቀበል እንዳትወጣ» አልኩት።