የለዘበውን ያዙት፣ የተፋቀውን ይለፉት

ጥያቄው የመጣው ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ነው። አንባቢያችን በአያታቸው ሣጥን ውስጥ ሁለት ማርትሬዛ (የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ብር)፣ አንድ የተበሳ የምኒልክ ብር፣ አንድ የጠቆረ ግርሽ (ትንሹ የምኒልክ የብር ሳንቲም)፣ አረንጓዴ የለበሰ የመዳብ ሳንቲምና ጠርዙ የተሸራረፈ የሚመስል ስሙኒ አግኝተዋል። ደብረ ብርሃን ያለ ነጋዴ ደግሞ «በአመድና በሎሚ አሽተው ያምጡልኝ» ብሏቸዋል። ስብስብ መጀመር ስለፈለጉ የትኛው እንደሚቀመጥና የትኛው እንደሚተው ይጠይቃሉ።

መጀመሪያ ነገር፣ አይሹት። ሎሚው መዳቡን ይበላል፤ አመዱ በብሩ ላይ በዓይን የማይታይ ጭረት ይሞላበታል። ያ ጭረት ተመልሶ አይጠፋም፣ የሚያውቅ ሰብሳቢም በ10 እጥፍ አጉሊ መነጽር ወዲያው ያየዋል። በእጅና በኪስ የለዘበ ብር ከፍ ያለው ቦታ ብቻ ያበራል፤ የፊደሉ ሥርና የዘውዱ ጎድጓዳ እንደጠቆረ ይቀራል። የተፋቀው ጎድጓዳውም ጉብታውም አንድ ዓይነት ነጭ ነው። ነጋዴው ካሸታችሁት በኋላ «ይኼማ ተፍቋል» ብሎ ዋጋ ቢሰብር አይግረማችሁ።

አሁን ሚዛን ያስፈልጋል። እስከ 0.01 ግራም የሚለይ የወርቅ ሚዛን ይበቃል። ማርትሬዛ ሲወጣ 28.07 ግራም፣ የብር ይዘቱ በሺህ 833 ነው። የምኒልክ ብርም ክብደቱ ተመሳሳይ ሲሆን ይዘቱ 835 ነው፤ ግማሹ፣ አላዱ፣ 14.04፣ ሩቡ 7.02፣ ግርሹ 1.40 ግራም ነው። ግን የለዘበ ብር ስለሚጎድል 27 ግራም ከምናምን መምጣቱ ብቻውን ሐሰተኛ አያሰኘውም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ወይ ደህናውን ብር ይጥላል፣ ወይ «አርጅቶ ነው» ብሎ የተቀባ ነጭ ብረት ይገዛል።

የማይለወጠው እፍጋቱ፣ ማለትም ክብደቱ ለያዘው ቦታ ሲካፈል የሚሰጠው ቁጥር ነው። ብሩ ቢለዝብም ቢበሳም እፍጋቱ ያው ነው። እስከ አፉ ያልሞላ የውሃ ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡ። ውሃው ላይ አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሩ፤ አረፋ ብሩ ላይ ከተጣበቀ ቁጥሩን ያዛባል። ከዚያ ሚዛኑን ዜሮ አድርጉት። ብሩን በቀጭን ክር አስራችሁ ሙሉ በሙሉ አስጥሙት፣ ታችኛውንም ጎኑንም አይንካ። ሚዛኑ የሚያሳየው ቁጥር ብሩ የገፋው ውሃ ነው። የብሩን ደረቅ ክብደት ለዚህ ቁጥር አካፍሉ። ለምሳሌ 27.40 ለ2.69 ሲካፈል 10.2 ገደማ ይሰጣል፤ ትክክለኛ ማርትሬዛም የምኒልክ ብርም እዚያው ነው። ከ10.0 እስከ 10.4 ከሆነ ተቀበሉት። 8.7 ወይም 8.9 ከመጣ የመዳብ ቅይጥ ነው፣ ከ10.6 በላይ ከሄደ እርሳስ ጠርጥሩ። ለግርሹ ግን ይህን አትሞክሩ፤ የሚገፋው ውሃ 0.14 ግራም ብቻ ስለሆነ የሚዛኑ ስሕተት ራሱ ውጤቱን ያበላሸዋል። ግርሽ በፊደሉ ጥራትና በጠርዙ ይፈተናል።

ድንጋይ ላይ ጥሎ ድምፅ መስማት የቆየ ልማድ ነው፤ ጠርዙን ስለሚቀጠቅጥ እኔ አልወደውም። ጣት ጫፍ ላይ አስቀምጦ በእርሳስ እንጨት መታ ማድረግ ያንኑ ይነግራል። ደንቆሮ ድምፅ የሰጠ ሁሉ ሐሰተኛ አይደለም፣ የተሰነጠቀ እውነተኛ ብርም አይጮህም።

ማርትሬዛዎቹ ላይ ያለው 1780 በፈረንጅ ቆጠራ ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በቦምቤይም ያው ቁጥር እየታተመ ስለቀጠለ ዕድሜን አይናገርም። በአንኮበርና በአልዩ አምባ ገበያ የዞረውም ብዙ ዓመት ቆይቶ የተመታውም 1780 ይላል። ስለዚህ የተለመደ ማርትሬዛ በጣም ከለዘበ የሚያጓጓ አይደለም፤ የትከሻዋ ጌጥ ዕንቁዎች የሚቆጠሩበትን ምረጡ። ጠርዙን አዙራችሁ እዩ፦ ከፍ ብሎ የወጣ የላቲን ጽሑፍ መኖር አለበት። ዙሪያውን የሚሄድ የመጋጠሚያ መስመር ወይም የሞረድ ምልክት ካለ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ሐሰተኛ ነው።

የምኒልክ ብሩ ሌላ ጉዳይ ነው። ሙሉ ብሩ 1887፣ 1889፣ 1892 እና 1895 ዓመተ ምሕረት የተጻፈበት ሲሆን ከሁሉም ጥቂት የታተመው የ1887ቱ ነው። ዓመቱ በግዕዝ ቁጥር ስለሆነ ሲለዝብ ፯ እና ፱፣ ፪ እና ፭ ይምታታሉ። ብርሃኑን ከጎን፣ ዝቅ አድርጋችሁ አብሩበት፤ የጠፋ የሚመስለው ቁጥር ጥላ ይጥላል። የቁጥሩ ዙሪያ ከቀረው ሜዳ ይበልጥ ጎድጎድ ካለ ሰው ነካክቶታል።

ቀዳዳው ለአንገት ጌጥ የተበሳ ነው፣ በእኛ አካባቢ ብርቅ አይደለም። ቀዳዳ በግልጽ የሚታይ ጉዳት ስለሆነ አያታልልም፤ ከተደፈነ ቀዳዳ እጅግ እመርጠዋለሁ። የተደፈነውን ለመለየት በሁለቱም ፊት አንድ ቦታ ላይ ቀለሙ የተለየ ክብ፣ ወይም የአንበሳው ጎፈር የሚቋረጥበት ቦታ ፈልጉ። ማንጠልጠያ የተበየደበት ጠርዝም ላይ ግራጫ የብየዳ ቅሪት ይቀራል። የእናንተ 1887 ከሆነ ከነቀዳዳው ይቀመጥ። ሌላ ዓመት ከሆነ ያልተበሳ እስኪገኝ ቦታ ይያዝ። ሲሸጡትም ዝቅተኛው ዋጋ የብሩ ይዘት ነው፦ ክብደቱን በ0.835 አባዙ፣ ከዚያ ንጹሕ ብር ዋጋ በታች አትስጡ።

ስሙኒው ምንም አልሆነም። የ1936 የመዳብ ስሙኒ ክብ ጠርዝ ያለውም ጥርሳም ጠርዝ ያለውም አለ፤ ጥርሱ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ጥርሶቹ ወጥ ካልሆኑ ብቻ ጉዳት ነው።

የግርሹን ጥቁረት ተዉት። የጭስና የቅቤ ቅባት ካለበት ንጹሕ አሴቶን ውስጥ፣ በመስታወት ዕቃ፣ እሳት በሌለበትና አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ለአንድ ሰዓት ይንከር። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አይሆንም፣ ሌላ ነገር ተደባልቆበታል።

የመዳቡን አረንጓዴ በእንጨት ስንጥር ንኩት። ጠንካራና ለስላሳ ከሆነ አትንኩት። ፈዛዛና እንደ ዱቄት የሚረግፍ ከሆነ ግን ጨው ውስጥ ገብቶ እየበላው ነው፤ ከሌሎቹ ለዩት። አሲድ ያልገባበት የተጣራ የባትሪ ውሃ ውስጥ አስቀምጡት፣ ውሃውን በየጥቂት ቀኑ እየቀየራችሁ ሳምንታት ይቆይ፣ ከዚያ በአሴቶን ይድረቅ። የመንዝ ጉም እርጥበት ስለሚያመጣ ማስቀመጫው ውስጥ ከጫማ ካርቶን የሚገኘውን እርጥበት መጣጭ ከረጢት ጨምሩ። የሚሸት ለስላሳ ፕላስቲክ፣ ላስቲክና የሱፍ ጨርቅ አይጠጉት፤ እያንዳንዱ በየራሱ ደረቅ የወረቀት ፖስታ ይቀመጥ።

ሌላም ከመሬት ቆፍሮ የሚያመጣላችሁ ሰው ካለ አትግዙ። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስ ለመንግሥት ይገለጻል።