የአባትሽ ዕቁብና የቀሩሽ ስድስት ሳምንታት

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። አንዴ ቢሮ ሆኜ፣ አንዴ ማታ ቤት ገብቼ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ። እውነቱን ልንገርሽ፣ አናዶኛል። ያናደድሽኝ ግን አንቺ አይደለሽም።

ለሌሎች አንባቢዎች ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። ጸሐፊዋ የ22 ዓመት ወጣት ናት። ሶሻል ወርክ ትማራለች። ሦስተኛ ዓመቷን ስትጨርስ ዊዝድሮዋል (ትምህርት ለጊዜው የማቋረጫ ቅጽ) ሞልታ ጀርመን ሄደች። ካሰል ከተማ፣ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ በበጎ ፈቃድ እያገለገለች ነው። ፕሮግራሙ ጀርመኖቹ «ቤኤፍዴ» የሚሉት የፌዴራል የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ነው። 12 ወሩ ሊሞላ ስድስት ሳምንት ቀርቶታል። ማደሪያና ምግብ ተችሏት በወር 400 ዩሮ የኪስ ገንዘብ ታገኛለች፤ 150ውን ወደ ቤት ትልካለች። አባቷ ይህን አይተው ዕቁብ ገቡ። ዕጣው ገና አልወጣላቸውም፤ ሊያልቅም ዓመት ከምናምን ይቀረዋል። ስለዚህ «እንደምንም ብለሽ እዚያው ቅሪ» ይሏታል። ፍራንክፈርት ያለው የአጎቷ ልጅ ደግሞ «አሳይለም ጠይቂ፣ ታሪኩን እኔ አስጠናሻለሁ» ብሏታል። እሷ መመለስና መመረቅ ትፈልጋለች። «ግን ባዶ እጄን ቦሌ መውረድ ያሳፍረኛል» ትላለች።

እንግዲህ ከዕቁቡ ልጀምር።

ዕቁቡን የገቡት አባትሽ ናቸው። አንቺ አይደለሽም። ሲገቡ ጠይቀውሻል? ከጻፍሽው እንደተረዳሁት አልጠየቁሽም፤ ሁለተኛ ወር ላይ በእናትሽ በኩል ነው የሰማሽው። የ12 ወር ውል እንዳለሽ እያወቁ ከዚያ የሚያልፍ ዕቁብ ገቡ ማለት፣ ልብሽ ሳይወስን እሳቸው ወስነውልሻል ማለት ነው። ክፉ ሰው ናቸው አላልኩም። 400 ዩሮ ወደ ብር ሲመነዘር ሰፈር ውስጥ ደሞዝ ይመስላል። እዚያ ግን የኪስ ገንዘብ ነው፤ ስሙም እንደዚያው ነው። ይህን ልዩነት ቤት ውስጥ ማንም አላስረዳም፤ አንቺም አላስረዳሽም። የአንቺ ጥፋት ካለ ይቺ ናት። ከመጀመሪያው ወር ጀምረሽ ስትልኪ «የተረፈኝ ነው» አላልሽም፤ እንዲሁ ላክሽ። የተላከ ገንዘብ ደግሞ ሁለት ጊዜ ከመጣ በሦስተኛው ግዴታ ይሆናል።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ደውይ። በጽሑፍ አይሆንም፣ በድምፅ ይሁን። በእናትሽ በኩል ሳይሆን በቀጥታ ለአባትሽ ንገሪያቸው። «አባዬ፣ ውሌ በዚህ ቀን ያልቃል። ከዚያ በኋላ የምልከው ገንዘብ የለም። ዕቁቡን ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ወይም ከዳኛው ጋር መነጋገር ይቻል እንደሆነ አሁን ይጠይቁ።» ስድስት ሳምንት ቀድሞ የተነገረው የዕቁብ ዳኛ መፍትሔ አያጣም። ከርመሽ ስትነግሪያቸው ግን ጭቅጭቅ ይሆናል። ይቆጣሉ። ይቆጡ። ተመርቀሽ ሥራ ስትይዢ የምታግዢያቸው አንቺው ነሽ፤ ያኔ የዛሬው ቁጣ ትዝ አይላቸውም።

አሁን «እንደምንም» ወደሚለው ቃል ልምጣ። ይህ ቃል ብዙ ልጆች አበላሽቷል።

አሳይለም የሚጠይቅ ሰው ላይ አልፈርድም። የሚያሳድደው ያለው ሰው መጠየቅ መብቱ ነው። አንቺ ግን በደብዳቤሽ «ምንም ችግር የለብኝም» ብለሽ ጽፈሻል። የአጎትሽ ልጅ ሊያስጠናሽ ያሰበው የሌላ ሰው መከራ ነው። ያንን መከራ በእውነት ያለፉ ሰዎች ከኋላሽ ተሰልፈዋል። ያን ተይው ብንል እንኳ፣ ስሌቱም አያዋጣም። ካመለከትሽ ፓስፖርትሽን ታስረክቢያለሽ። ጉዳይሽ እስኪወሰን ድረስ፣ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር፣ ሌላ ዓይነት የመኖሪያ ፈቃድ ማግኘት አትችዪም። ዛሬ ንጹሕ ፈቃድ፣ ንጹሕ ፓስፖርትና ስለ አንቺ ጥሩ የሚናገር መሥሪያ ቤት አለሽ። ይህን ሁሉ በጥናት ታሪክ ልትለውጪ ነው?

አንድ ጓደኛ ነበረችኝ። በ24 ዓመታችን አብረን ሆላንድ ሄደን፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ካላቸው ሰዎች ጋር 11 ወር በበጎ ፈቃድ ሠራን። ልንመለስ አሥር ቀን ሲቀረን እሷ ጠፋች። ሰባት ዓመት ያለ ወረቀት ኖረች። አንድ ቀን ደውላ «ሰፈራችን አዲሱ አስፋልት በየት በኩል ነው ያለፈው? በሙሉወርቅ ሱቅ ነው በወፍጮ ቤቱ?» አለችኝ። አስፋልቱ ከተነጠፈ አራት ዓመቱ ነበር። እኔ ተመልሼ ነበር። የተመለሰ ሰው መመለስን ይመክራል ትዪኝ ይሆናል። በይ።

አንድ ነገር ደግሞ ልደብቅሽ አልፈልግም። ሕጋዊ የመቅሪያ መንገድ አለ። በበጎ ፈቃድ የሄዱ ብዙ ልጆችም ይሄዱበታል። አውስቢልዱንግ፣ ማለትም እየሠሩ የሚማሩት የሙያ ሥልጠና ነው። የነርስነቱ ሦስት ዓመት ይፈጃል፤ ከ2020 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ የአረጋውያን፣ የሕፃናትና የሆስፒታል ነርስነት በአንድ ተጠቃሎ ነው የሚሰጠው። የመንግሥት የደመወዝ ስምምነትን በሚከተሉ ቤቶች ሠልጣኝ ገና በመጀመሪያው ዓመት፣ ግብር ሳይቀነስ፣ ከ1300 ዩሮ በላይ ይከፈለዋል። የምትሠሪበት ቤት ራሱ ሊቀበልሽ ይችላል፤ ሰው ይቸግራቸዋል። ብቻ ያለሽ ፈቃድ ከማለቁ በፊት ለውጭ ዜጎች ቢሮ ማመልከት አለብሽ። በጊዜ ካመለከትሽ ውሳኔው እስኪመጣ የቆየው ፈቃድሽ እንደጸና ይቆጠራል። አንድ ቀን ካሳለፍሽ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

አባትሽ ይህን ቁጥር ቢሰሙ ደስታቸውን አልችለውም። አንቺ ግን ምን ብለሽ ነበር የጻፍሽው? «ሽማግሌዎቹን እወዳቸዋለሁ፣ ግን ሦስት ዓመት ገላ ሳጥብ ራሴን ማየት አልችልም።» እኔ ይህን ዓረፍተ ነገር ነው የማምነው። ነርስነት ለሚወደው ትልቅ ሙያ ነው። ለዕቁብ ሲባል የሚገባበት ግን መሐል ላይ ያቋርጠዋል፤ ፈቃዱ ደግሞ ከሥልጠናው ጋር የታሰረ ነው። ከልብሽ ከፈለግሽው ነገውኑ አለቃሽን አናግሪ። ካልፈለግሽው አንድ ዓመት ብቻ የቀረው ዲግሪ አገር ቤት እየጠበቀሽ ነው።

እንግዲህ ባዶ እጅ ስላልሽው። እኔ ከሆላንድ ስመለስ ሁለት ሻንጣ ሙሉ ቸኮሌትና ስኒከር ይዤ ነው የገባሁት። ወረቀት አልያዝኩም። ለመጀመሪያ ሥራ ቃለ መጠይቅ ስቀርብ «እነዚህን 11 ወራት ምን ስትሠሪ ነበር?» አሉኝ። ብናገር ማን ያምነኛል? ቤቱ ደብዳቤ እንዲልክልኝ ጻፍኩ። አለቃችን ለቅቃ ነበር። መልስ አልመጣም። ሥራውን ሌላ ሰው ወሰደው። ከዚያ ወዲህ 12 ዓመት የሰው ኃይል ክፍል ተቀምጬ የሌሎችን ማመልከቻ ሳነብ፣ ያለ ወረቀት የመጣ ልምድ ስንት ጊዜ ወደ ጎን ሲደረግ አየሁ መሰለሽ። እኔም አድርጌዋለሁ።

ጀርመን ይህን በተመለከተ ደግ አገር ናት። ባገለገልሽበት ቤት ጾይግኒስ፣ ማለትም የሥራ ምስክር ወረቀት ይገባሻል። ሕግ ነው፣ ውለታ አይደለም። ዝርዝር ያለውን ጠይቂ። የሠራሽበት ጊዜና ቦታ ብቻ ተጽፎ ከመጣ መልሺው፤ ሥራሽ እንዴት እንደነበር፣ ጠባይሽ፣ ለሙያ የሚጠቅም ምን እንደተማርሽ ይግባበት።

ስትቀበዪው ደግሞ ቃሉን በደንብ አንብቢ። ጀርመኖች በዚህ ወረቀት ላይ ክፉ ነገር በግልጽ አይጽፉም፤ ሁሉም ምስጋና ይመስላል። እኛ ቅኔ እናውቃለን የምንለው ሰዎች እንኳ እንታለላለን። «ሽቴትስ ጹ ኡንዘረር ፎልስተን ጹፍሪደንሃይት» ካለ፣ «ሁልጊዜም እጅግ በተሟላ ሁኔታ አርክታናለች» ማለት ነው፤ ይህ ኤ ነው። ያለ «ሽቴትስ» እና ያለ «ፎልስተን»፣ «አርክታናለች» ብቻ ከሆነ እንደምንም ያለፈ ተማሪ ውጤት ነው። «ጥረት አድርጋለች» የሚል ካየሽ ወደቀች ማለት ነው። ያኔ አትፈሪ፣ ሄደሽ ጠይቂ። ረቂቁ ከመፈረሙ በፊት እንዲያሳዩሽ ለምኚ፤ የሚያሳፍር ጥያቄ አይደለም። ፊርማና ማኅተም ያለበትን ዋናውን በእጅሽ ይዘሽ ውጪ። «በፖስታ እንልክልሻለን» ከተባልሽ አትቀበዪ።

የጀርመንኛው ነገር፦ ቢ1፣ ማለትም መካከለኛው የቋንቋ ደረጃ፣ ደርሻለሁ ብለሻል። እዚያው እያለሽ ተፈተኚ። አገር ቤት ስትገቢ ምላስሽ በሦስት ወር ይዝጋል።

ዩኒቨርሲቲሽን በተመለከተ ሬጅስትራሩን አሁን አናግሪ፤ የሪአድሚሽን (ወደ ትምህርት የመመለሻ) ማመልከቻ ቀን ካመለጠሽ ሌላ ሴሚስተር ትጠብቂያለሽ። የመውጫ ፈተናውንም አትርሺ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ እሱ ምርቃት የለም፤ ማለፊያው ከመቶ 50 ነው። ዓመት ሙሉ ከደብተር ርቀሻልና የድሮ ኖቶችሽን ጓደኞችሽ ፎቶ አንስተው ይላኩልሽ። ከተመረቅሽ በኋላ ጀርመን እንደገና ካማረሽ በሩ አልተዘጋም፤ ለታዳጊ አገሮች ተማሪዎች ዳአድ የተባለው የጀርመን የትምህርት ልውውጥ ድርጅት የሚሰጠው የማስተርስ ስኮላርሺፕ በመስኩ ቢያንስ ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል። ያንን ልምድ መቁጠር የምትጀምሪው ዲግሪሽን ስትይዢ ነው።

ስለ ስጦታው፦ ለአባትሽ አንድ ጥሩ ሹራብ፣ ለእናትሽ አንድ ነገር፣ ለሰፈሩ ቸኮሌት። በቃ። ያጠራቀምሽው 700 ዩሮ ለመጨረሻው ዓመት የቤት ኪራይና የኮፒ ነው፣ ማንም አይንካው።

የመጨረሻዋን ጥያቄሽን ጥጉ ላይ በትንሹ ነው የጻፍሻት። በየቀኑ ጠዋት «አንቺ አዲሷ ልጅ ነሽ?» ስለሚሉሽ የ91 ዓመት ሴትዮ። መሄድሽን ልንገራቸው ወይስ ዝም ልበል ብለሻል። ንገሪያቸው። ማታ ይረሱታል። በማግስቱ ጠዋት እንደገና ንገሪያቸው። እስከምትሄጂ ድረስ በየጠዋቱ ተሰነባበቱ።

የስልክ ውልሽንም ዛሬ ሰርዢ፤ አንቺ አዲስ አበባ ሆነሽ እነሱ ከባንክ መቁረጣቸውን አያቆሙም።