ፖሊስ ጣቢያ «ታረቁ» ስንባል፦ ጥያቄና መልስ ከአንድ ጠበቃ ጋር

ከደሴ፦ ወንድሜን ጎረቤቱ በቡጢ መታው። መርማሪው «ሽማግሌ ይዛችሁ ኑና ጨርሱ» ይለናል። እምቢ ማለት እንችላለን?

ጠበቃው፦ ትችላላችሁ። እርቅ በፈቃድ እንጂ በትእዛዝ አይሆንም። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 556(1) የተመለከተው ቀላል የአካል ጉዳት የሚያስቀጣው ተበዳዩ አቤቱታ ሲያቀርብ ነው፤ እዚያ ላይ እርቁ ፋይሉን ሊዘጋው ይችላል። በጩቤ ከተወጋ ግን ክሱ የመንግሥት ነው፣ ውሳኔውም የዐቃቤ ሕግ። አቤቱታው ጉዳዩን ካወቃችሁበት ቀን አንሥቶ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። «ሽማግሌዎቹ ሰኞ ይመጣሉ» እየተባለ ቀነ ገደቡ ያለፈባቸውን ሰዎች አውቃለሁ። አስቀድማችሁ አስመዝግቡ፤ ከዚያ ታረቁ። ያላነበባችሁት ወረቀት ላይ አትፈርሙ!

ከአዳማ፦ መኪናዬ ተገጨ፤ የትራፊክ ፖሊሱ ተስማሙ አለን።

ጠበቃው፦ ለኢንሹራንስህ ሳታሳውቅ አትፈርም።

ከጎንደር፦ የታሰርኩት እኔ ብሆንስ? «ካልታረቅህ አትወጣም» ቢሉኝ?

ጠበቃው፦ እንቅልፍ የሚነሣኝ ይህ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት የመንገዱ ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለብህ። ዝም የማለት መብት አለህ፤ ቃልህ በማስረጃነት ሊቀርብብህ እንደሚችልም ሊነገርህ ይገባል። እርቁን ከፈለግህ እንኳ «ጥፋቴን አምኜ» የምትለውን ሐረግ ሳታሰርዝ አትፈርም። እርቁ ከፈረሰ ያቺው ወረቀት አንተው ላይ ትመጣለች።

ከባሕር ዳር፦ ፍርድ ቤት ዓመት ሙሉ ከመመላለስ የሽማግሌ ቃል ይሻላል።

ከሐዋሳ፦ ለማን? እኅቴን ባሏ ደብድቧት ሦስት ጊዜ አስታርቀዋታል። አራተኛው ሆስፒታል አስገባት።

ከባሕር ዳር፦ ያ የሽማግሌዎቹ ጥፋት ነው እንጂ የሽምግልናው አይደለም።

ከሐዋሳ፦ ለእኅቴ ልዩነቱ ምንድን ነው?

ጠበቃው፦ ሽምግልናን አልነቀፍኩም፤ አባቴም ሽማግሌ ነበሩ። የምቃወመው አንዱ ወገን እስር ቤት ሆኖ የሚደረገውን እርቅ ነው። ወደ ጥያቄው ተመለሱ።

ከአዲስ አበባ፦ ጓደኛዬ አንድ ነገር ገጥሞት ነበር፤ ይፈርም?

ጠበቃው፦ ምን ነገር? ታስሯል? ከሳሽ ነው ተከሳሽ? ይህን ሳትነግረኝ አልመልስም።

ከደሴ፦ ካሳውን በቃል ብንስማማስ?

ጠበቃው፦ ስንት ጊዜ ልናገር? በጽሑፍ! የገንዘቡ መጠን፣ የሚከፈልበት ቀን፣ የምስክሮች ፊርማ። «ከእንግዲህ ምንም አልጠይቅም» የሚል ካለበት፣ የወንድምሽ ሕክምና ሳያልቅ አይፈርም። የሐኪሙን ማስረጃ ዛሬውኑ አውጡለት።