ቤት ስታስፋፉ ጊዜያዊውን ጣሪያ ቀድማችሁ አስቡበት

ወገኖቼ፣ በምትኖሩበት አገር ቤት ገዝታችሁ አሁን ልታስፋፉት ካሰባችሁ ስለ ጊዜያዊ ጣሪያ ላውራችሁ። ስራው እስኪያልቅ በስካፎልዲንግ (በቤቱ ዙሪያ በሚተከለው የብረት መወጣጫ) ላይ ቆሞ ቤቱን ከዝናብ የሚጋርደውን ማለቴ ነው። ብዙዎቻችን ስለ ኩሽናው ስናስብ ወራት እንከርምና ይሄን ለኮንትራክተሩ ትተን እንረሳዋለን። እኔም እንደዚያው አድርጌ ዋጋዬን አግኝቻለሁ።

ቤታችን ላይ ከኋላ በኩል ባለ ሁለት ፎቅ ክፍል ስንጨምር የድሮው ጣሪያ ግማሹ ተነሳ። ኮንትራክተሩ ሸራ ወጥሮ፣ በገመድ አስሮ ዓርብ ማታ ሄደ። ቅዳሜ ሌሊት ዝናቡ መጣ። ባትሪ ይዤ ስወጣ ሸራው መሃሉ ላይ እንደ ሆድ ተንዘርጥጦ ውሃ ይዟል። በመጥረጊያ እንጨት ከስር ልገፋው ሞከርኩ፤ ንቅንቅ አላለም። ብዙም ሳይቆይ ገመዱ የሚገባበት ቀለበት ተበጠሰና ውሃው በሙሉ የልጆቹ መኝታ ቤት ኮርኒስ ላይ ወረደ። ኮርኒሱ ተደርምሶ አልጋው ላይ ተከመረ። ልጆቹን ሳሎን አስተኝተናቸው ስለነበር ተመስገን ነው።

በኋላ ሒሳቡን ስሰራው ገባኝ። አንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ውሃ ከተኛ 10 ኪሎ ነው። 3 በ3 ሜትር በሆነ ቦታ ላይ በአማካይ 10 ሴንቲ ሜትር ቢጠራቀም 900 ኪሎ ይሆናል። ሸራ ትንሽ ሲረግብ ውሃ ይይዛል፤ ውሃ ሲይዝ የበለጠ ይረግባል። ስለዚህ ጊዜያዊ ጣሪያ በደንብ መዘቅዘቅ አለበት፤ መሸፈኛውም ጥብቅ ብሎ መወጠር አለበት።

መጀመሪያ ግን ያስፈልጋችኋል ወይ? የምትጨምሩት ምድር ቤት ብቻ ከሆነና የድሮው ጣሪያ የማይነካ ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ የግድግዳውን አናት በየማታው መሸፈን ይበቃል። ጣሪያ የሚከፈት ወይም ፎቅ የሚጨመር ከሆነና እናንተም ውስጡ እየኖራችሁ ከሆነ ግን እኔ በዚህ ወጪ ላይ አልደራደርም።

ከዝናቡ ይልቅ ንፋሱን ፍሩ። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ንፋስ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ወደ 25 ኪሎ የሚጠጋ ግፊት አለው። 6 በ8 ሜትር ጣሪያ ካላችሁ በጠቅላላው 1200 ኪሎ አካባቢ ይመጣል። የንፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ይሄ ኃይል ደግሞ ጣሪያውን ወደ ላይ ሊያነሳው ይችላል። ከአሉሚኒየምና ከላስቲክ የተሰራ ነገር በራሱ ክብደት ይህን አይቋቋምም። ወይ ጠንካራ ግድግዳ ላይ በቡሎን ይታሰራል፣ ወይ እግሩ ስር የኮንክሪት ወይም የውሃ ክብደት ይጫንበታል። ትናንት የተገነባ ብሎኬት ላይ ማሰር ማታለል ነው፤ ሲሚንቶው ገና አልጠነከረም። የድሮ ጡብ ከሆነም ቡሎኑ ተስቦ ይፈተን በሉ።

ጎኑን የሚሸፍነው ላስቲክም እንደ መርከብ ሸራ ንፋስ ይይዛል። ሰራተኞች እንጨት ለማስገባት አንዱን ጎን ቀደው ክፍት ትተውት ቢሄዱ፣ ንፋስ ከስር ገብቶ ጣሪያውን ወደ ላይ ይገፋዋል። ማታ ማታ ዞር ዞር ብላችሁ ተመልከቱ።

ለዚህ ነው የመሐንዲስ ስዕልና ስሌት ጠይቁ የምለው። «ሁሌም እንደዚህ ነው የምንሰራው» ቢሏችሁ አትቀበሉ። ቋንቋው አልገባን ሲል በይሉኝታ «እሺ፣ እሺ» የማለት ልማድ አለብን። ጥያቄያችሁን ጽፋችሁ ላኩ፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። የሚተረጉም ሰው ካስፈለጋችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ይዛችሁ ሂዱ።

ስዕሉ ሲመጣ ከፍታውን እዩ። አዲሱ ጣሪያ ጫፍ ላይ አናጢው ቆሞ እንጨት ማንሳት መቻል አለበት። ጊዜያዊው ጣሪያ ዝቅ ካለ ስራው ሳያልቅ ማንሳት ግድ ሊሆን ነው። ትልቅ ብረት ወይም መስኮት በክሬን የሚገባ ከሆነ የጣሪያው አንድ ክፍል ተንሸራቶ ይከፈት እንደሆነ ጠይቁ። ዝናብ ቀጥ ብሎ ብቻ አይወርድም፤ ስለዚህ መሸፈኛው ከግድግዳው ወጣ ይበል፣ ጎኑም ይሸፈን። ደግሞ የስካፎልዲንጉ እግር የት እንደሚያርፍ ከመሠረቱ ስዕል ጋር አመሳክሩት። ብረቱ ከቆመ በኋላ አጠገቡ መሠረት መቆፈር አደጋ ነው። ከእግሮቹ ስር ሰፊ ጣውላ ይግባ።

የሚወርደው ውሃስ የት ይሄዳል? 60 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ከወረደ 1200 ሊትር ነው። አሸንዳና ማውረጃ ቱቦ ከሌለው ወይ ጎረቤት ግቢ ይገባል፣ ወይ አዲሱን የመሠረት ቁፋሮ ይሞላዋል። በጣም የሚያፈሰው ደግሞ ጊዜያዊው ጣሪያ ከድሮው ቤት ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው። ከተቻለ በድሮው ጣሪያ ጫፍ ላይ አልፎ ይሂድ።

መሸፈኛው ቆርቆሮም ላስቲክም ሊሆን ይችላል። ቆርቆሮ ይከብዳል፣ ያጨልማል። በአሉሚኒየም ሐዲድ ውስጥ የሚንሸራተተው ላስቲክ ብርሃን ያስገባል፣ ቶሎም ይዘረጋል። እሳት ቶሎ የማይይዘው ዓይነት መሆኑን አረጋግጡ።

ኮንትራቱ ላይ ኪራዩ ስንት ሳምንት እንደሚሸፍን፣ ስራው ቢዘገይ ተጨማሪውን ማን እንደሚከፍል ይጻፍ። በየሳምንቱና ከእያንዳንዱ ከባድ ንፋስ በኋላ ብቃት ያለው ሰው መርምሮ ይፈርም። ብረቱ ጎረቤት ግቢ ወይም የእግረኛ መንገድ ላይ የሚያርፍ ከሆነ አስቀድማችሁ ፈቃድ ያዙ። ለኢንሹራንሳችሁም ግንባታው ሳይጀመር አሳውቁ፤ ካልነገራችኋቸው ጉዳት ሲደርስ አንከፍልም ሊሏችሁ ይችላሉ። ጊዜያዊው ጣሪያ አልቆ፣ ተመርምሮ፣ በጽሑፍ ሳትረከቡት ከድሮው ጣሪያ አንዲት ክዳን እንዳትነሳ።

መጨረሻ ላይ ሲፈርስም አትቸኩሉ። የላዩ መሸፈኛ ሲነሳ ብረቱ ገና ቆሞ እያለ አዲሱን ጣሪያ በጎማ ውሃ አጠጡትና ከውስጥ ሆናችሁ እዩ። የሚያፈስ ካለ መወጣጫው እዚያው ስላለ ወዲያው ይጠገናል። ቡሎን የገባባቸውን የግድግዳ ቀዳዳዎችም ቆጥራችሁ አስደፍኑ። እኛ ቤት ሁለቱ ተረስተው ነበር፤ በሚቀጥለው ክረምት ግድግዳው ከውስጥ ሻገተ።