መልስ፦ ፓካርድን የገደለው ስቱድቤከር ነው ወይ?

ሁለቱም የድሮ የአሜሪካ መኪና አምራቾች ናቸው፣ ስቱድቤከር ብቻውን ግን ፓካርድን አልገደለውም፣ ፓካርድ በ1954 (እ.ኤ.አ) ስቱድቤከርን ሲገዛው ፓካርድ ራሱም ታሞ ነበር፣ የስቱድቤከርን ሂሳብም በደንብ ሳያይ ነው የገዛው።

ዋናው ምት በኔ እይታ የ1953ቱ ነው፣ ቦዲ የሚሰራለትን ብሪግስ የሚባል ኩባንያ ተፎካካሪው ክራይስለር ገዛበት፣ ከዛ ዲትሮይት ውስጥ ኮነር አቬኑ ላይ ጠባብ ፋብሪካ ተከራይቶ ራሱ ልስራ ሲል የ1955ቱ ሞዴል ጥራቱ ወርዶ ደንበኛው ሸሸ። በ1935 ያወጣው 120 የሚባለው ርካሹ ሞዴል ከ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት አተረፈው፣ ግን የሀብታም መኪና የሚለውን ስም ቀስ በቀስ ለካዲላክ ለቀቀ።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፣ የ57 ወይ የ58 ፓካርድ እሸጥልሃለሁ የሚልህ ካለ እሱ የስቱድቤከር ፋብሪካ ባለበት ሳውዝ ቤንድ ከተማ የተሰራ ስቱድቤከር ነው፣ የዲትሮይቱ በ1956 አብቅቷል። ዕቃ ስትፈልግም በስቱድቤከር ፈልግ፣ የ56ቱን ፓካርድ ዕቃ ገዝቶ አልገጥም ያለው ሰው አይቻለሁ።