ትንሿ ጊታር ምን አላት? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች የሚበዙት ስለ አንድ ነገር ናቸው፦ እስከ 1940ዎቹ ድረስ ስለተሠሩት ትናንሽ አኩስቲክ ጊታሮች። ከማንኛውም ጊታር አስበልጬ የምወዳቸው እነሱን ስለሆነ ዛሬ ሌላውን ሁሉ አቆይቼዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

«የጓደኛዬን የ1930ዎቹ ትንሽ ጊታር ነካክቼ ደነገጥኩ። ድሬድኖት የሚባለው ትልቁ ጊታሬ ከሷ በጣም ይገዝፋል፤ ግን እንደሷ ጥርት ብሎ አይሰማም። ትልቅ ገላ ይሻላል ይባል የለ እንዴ?»

ትልቅ ገላ የሚጨምርልህ ቤዝና ጉልበት ነው። ጥራት ሌላ ነገር ነው።

በጊታሩ ገላ ውስጥ ያለው አየር በክቡ ቀዳዳ በኩል ወጣ ገባ ይላል። በጣም የሚርገበገብበት የራሱ ድምፅም አለው። ድሬድኖት ላይ ይህ ድምፅ 100 ኸርዝ አካባቢ ነው። ገላው ባነሰ ቁጥር ደግሞ ወደ ላይ ይወጣል። ወፍራሙ የኢ ክር የሚቃኘው 82 ኸርዝ ላይ ነው። ስለዚህ ትልቁ ጊታር ለዚህ ክር መሠረታዊ ድምፅ ስለሚቀርብ ያግዘዋል። ትንሿ ግን ብዙም አትደርስለትም። ታዲያ ኖታው ይጠፋል? አይጠፋም። ጆሮ ከላይ ካሉት ተደራራቢ ድምፆች ተነስቶ የደከመውን መሠረት ራሱ ይሞላዋል። የሚቀረው ጉምጉምታው ነው። እሱ ሲቀር መካከለኞቹና ቀጫጭኖቹ ክሮች ቦታ ያገኛሉ። ኮርድ ስትይዝ እያንዳንዱ ክር ለየብቻው ይሰማሃል።

ሁለተኛው ምክንያት ክብደት ነው፤ ለኔ ዋናው ይሄ ነው። የዚያ ዘመን ጥሩ ትናንሽ ጊታሮች በጣም ቀላል ሆነው ነው የተሠሩት። የፊት እንጨቱ ቀጭን ነው፤ ከሥሩ የተለጠፉት ድጋፎችም ስስ ናቸው። እንዲህ ያለ እንጨት ለመንቀሳቀስ ብዙ ጉልበት አይፈልግም። በጣትህ ለስለስ አድርገህ ስትነካት ወዲያው ትመልስልሃለች። ትልቁ ጊታር ጠንከር እስክትልበት ድረስ ይጠብቅሃል። ያስደነገጠህ ይሄ ፈጣን ምላሽ ይመስለኛል።

ጉድለትም አላት። በወፍራም ፒክ (የክር መምቻ) አጥብቀህ ስትመታት ቶሎ ትታፈናለች። ድሬድኖት የተፈጠረው ለዚያ ሥራ ነው፤ ስሙን እንኳ ያገኘው በ1906 ከወጣው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ነው። ያንተን አትሽጠው።

«0፣ 00፣ 000፣ ኦኤም የሚባለው ነገር ግራ አጋባኝ። ትንሽ የሚባለው የትኛው ነው?»

ቁጥሮቹ የማርቲን ኩባንያ ናቸው። ክርስቲያን ፍሬድሪክ ማርቲን ከጀርመን መጥቶ በ1833 ኒው ዮርክ ውስጥ ሥራ ጀመረ፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ፔንሲልቬንያ ውስጥ ናዝሬት ወደምትባል ከተማ ሄደ። በድርጅቱ አቆጣጠር ቁጥሩ ሲያንስ ጊታሩ ይተልቃል። 5 ቁጥር ከ1 ቁጥር በጣም ታንሳለች። ከ1 የሚበልጥ ሲሠሩ 0 አሉት፤ ከዚያ የሚበልጠውን 00፤ በ1902 ደግሞ 000 መጣ። ሰፊው የታችኛው ክፍል ሲለካ 0 ወደ 34 ሳንቲ ሜትር፣ 00 ወደ 36፣ 000 ወደ 38 ይሆናል። ድሬድኖት ወደ 40 ነው። ልዩነቱ በቁጥር ሲታይ ትንሽ ነው። ነገር ግን ድሬድኖት ወገቡም ሰፊ ነው፣ ጥልቀቱም ከ000 በ2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይበልጣል። እቅፍ ስታደርጊው ወዲያው ታውቂዋለሽ።

ኦኤም (ኦርኬስትራ ሞዴል) የመጣው በ1929 ነው። ፔሪ ቤክተል የሚባል የባንጆ ተጫዋች ለእጁ የሚመች ቀጠን ያለ አንገትና ከገላው ውጪ 14 ፍሬት (አንገቱ ላይ የተደረደሩት የብረት መስመሮች) ያለው ጊታር ፈለገ። ማርቲን የ000ን ገላ አሳጥሮ ሠራለት። በኋላ ስሙ ቀርቶ 000 ውስጥ ተጠቃለለ፤ የክሩ ርዝመትም ከ645 ወደ 632 ሚሊ ሜትር አጠረ። ክሩ ሲያጥር ውጥረቱ ይቀንሳል፤ ለግራ እጅም ይለሰልሳል።

ሌላው ትልቅ ስም ጊብሰን ነው። ካላማዙ፣ ሚሺጋን ውስጥ የሠራቸው ኤል-1 እና ኤል-00 ከማርቲን የተለየ ጠባይ አላቸው። ድምፃቸው ደረቅ ያለ ነው፤ ቶሎ ይመጣል፣ ቶሎ ይሄዳል። የብሉዝ ተጫዋቹ ሮበርት ጆንሰን በታወቀው የስቱዲዮ ፎቶው ላይ የያዘው ኤል-1ን ነው። ለብሉዝ ምረጥ ብባል ኤል-00ን እልሻለሁ። ለዝግታ የጣት ጨዋታ ግን 00 ማርቲን።

«እንጨት ሲያረጅ ድምፁ ይከፈታል ይባላል። እውነት ነው ወይስ ነጋዴዎች የሚያወሩት?»

ከፊሉ እውነት ነው። በእንጨት ውስጥ ሄሚሴሉሎስ የሚባል ነገር አለ፤ በጊዜ ብዛት ቀስ እያለ ይፈርሳል። ያረጀ እንጨት እርጥበት የሚስበው ያነሰ ነው፤ ቀለል ይላል፣ ንዝረቱንም ብዙ አያፍንም። ዛሬ አንዳንድ ሠሪዎች አዲስ የፊት እንጨት ኦክስጅን በሌለበት ምድጃ የሚያበስሉት ይህንኑ ለማፋጠን ነው።

ግን ሁሉን ነገር በዕድሜ ማሳበብ ልክ አይመስለኝም። በ1930ዎቹ የተሠራ ጊታር በተወለደበት ቀንም የተለየ ነበር። እስከ 1940ዎቹ አጋማሽ ማርቲን ለፊት የሚጠቀመው አዲሮንዳክ የሚባለውን ቀይ ስፕሩስ ነበር። ክብደቱ ቀላል ሆኖ በጣም ጠንካራ ነው። ከሥሩ ያሉት ድጋፎች መሃላቸው ተፍቆ ይሳሳ ነበር። ይህን ማርቲን በ1944 መጨረሻ አቆመው፤ ምክንያቱም ሰዎች ወፍራም ክር እየገጠሙ የፊት እንጨቱ እያበጠ በዋስትና ይመለስባቸው ነበር። ጊታሩ ጠነከረ፤ ድምፁ ግን ታሠረ። የተፋቁት ድጋፎች ወደ መደበኛ ሥራ የተመለሱት በ1976 ነው።

አንድ ሌላም ነገር አለ። ዛሬ እጃችን የገቡት በአብዛኛው ሰዎች ወደዋቸው ያቆዩዋቸው ናቸው። ድምፃቸው የማይረባ ጊታሮች በዚያ ዘመንም ተሠርተዋል፤ ማንም ስላልተጨነቀላቸው ብዙዎቹ ተሰብረው ቀርተዋል። ስለዚህ «የ1930ዎቹ ናት» ስትባል ዓመቱን ትተህ ድምፁን ስማ። ዛሬ በቀጭኑና በቀላሉ የተሠራች ጥሩ ትንሽ ጊታር ከብዙ የከበዱ አሮጌዎች ትበልጣለች።

«ከአጎቴ የወረስኳት ስቴላ የምትባል የድሮ ጊታር አለችኝ። አንድ ጠጋኝ አይቶ፣ ድጋፎቿ እንደ መሰላል የተደረደሩ ርካሽ ናት፣ ገንዘብ አታጥፊባት አለኝ። ምን ትመክረኛለህ?»

አትጣያት! ማርቲን ድጋፎቹን በኤክስ ቅርፅ ያስተላልፋቸዋል። ርካሾቹ የፋብሪካ ጊታሮች ግን ድጋፋቸው ከጎን ወደ ጎን በትይዩ ነው የሚለጠፈው። አሠራሩ ቀላል ስለነበር በርካታ ፋብሪካዎች በብዛት አመረቱት። ድምፁ ፊት ለፊት ይመጣል፤ ሸካራ ነው፣ ቶሎ ይበርዳል። የድሮ ብሉዝ ቅጂዎች ላይ የምንሰማው ያ ጉሮሮው ደረቅ ያለ ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ ከእንዲህ ያሉ ጊታሮች የወጣ ነው። በኤክስ የተሠራ ውድ ጊታር ይህን አያወጣም።

ጊብሰን ራሱ በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ካላማዙ በሚል ስም በዚህ አሠራር ርካሽ ጊታሮች አውጥቷል። ዛሬ ሰው ይፈልጋቸዋል። ኮሊንግስ የተባለው የቴክሳስ ድርጅትም ከ2014 ጀምሮ ዋተርሉ በሚል ስም የእነሱን አምሳያ ይሠራል። ጠጋኝሽ ስለ ሽያጭ ዋጋዋ ልክ ሊሆን ይችላል። ስለ ድምፅዋ ግን ልክ አይደለም። የተላቀቁት ድጋፎች ይለጠፉላት፣ ቀጭን ክር ይግባላት፣ ከዚያ አጫውቻት።

«በ1890ዎቹ የተሠራች ጊታር ገዛሁ። የብረት ክር ልግጠምባት?»

በፍጹም። እሷ የተሠራችው ለአንጀት ክር ነው። ማርቲን እንኳ የብረት ክርን መደበኛ ያደረገው በ1922 ሙሉ በሙሉ ከማሆጋኒ እንጨት በተሠራች አንዲት ጊታር ጀምሮ ነው። ሌሎቹን በ1920ዎቹ ውስጥ ቀስ በቀስ አስከተለ። ላይት የሚባለው የብረት ክር ሲወጠር ጠቅላላ ጉልበቱ ከ70 ኪሎ ግራም ያልፋል። ናይለን ወደ 40 ኪሎ ብቻ ነው። በብረት ክር፣ ክሮቹ ፊቷ ላይ የታሰሩበት ድልድይ ይነሳል፣ የፊት እንጨቱ ይጎብጣል፣ አንገቱ ወደፊት ይሳባል። ናይለን ወይም እንደ አንጀት የተሠራ ሰው ሠራሽ ክር ይግጠሙ። በዚያ ላይ የሚወጣው ድምፅ በጣም ጣፋጭ ነው፤ ምንም የሚቀርብዎት ነገር የለም።

«አሮጌ ጊታር ልገዛ ነው። ምኗን ልይ?»

መጀመሪያ አንገቷን። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ነው። ቀጥ ያለ ማስመሪያ በፍሬቶቹ ላይ አጋድመህ ወደ ድልድዩ ግፋው። ጫፉ የድልድዩን አናት ቢነካ ወይም ለጥቂት ከፍ ቢል ደህና ናት። ወደ ታች ወርዶ ከድልድዩ ፊት ጋር ከተጋጨ አንገቱ በዘመን ብዛት ተስቧል ማለት ነው። ያን ጊዜ አንገቱ ተነቅሎ፣ ማዕዘኑ ተስተካክሎ መልሶ መገጠም አለበት። ከባድ ጥገና ነው፤ ግን የተለመደ ነው። ለአሮጌ ጊታር እንደ ነውር አይቆጠርም። ዋጋው ላይ ግን ቀድመህ አስበው።

ሻጮች ይህን ለመደበቅ የሚያደርጉትን ልንገርህ። ሳድሉን (ክሮቹ ድልድዩ ላይ የሚያርፉበትን ቀጭን ቁራጭ) እስኪያልቅ ይሞርዱታል፤ ከዚያም አልፎ ድልድዩን ራሱን ይላጉታል። ክሩ ዝቅ ይላል፣ መጫወት ይመቻል፣ ድምፁ ግን ይሞታል። ክሩ ሳድሉን ተጭኖ ካልወረደ የፊት እንጨቱን የሚያንቀሳቅሰው ኃይል የለም። ሳድሉ ከድልድዩ በላይ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ካልታየ ጠርጥር።

ቀጥሎ አንገቱ ቀጥ ማለቱን እይ። ጊብሰን የሚስተካከል ትረስ ሮድ (አንገቱ ውስጥ ያለ ማቃኛ ብረት) ከ1920ዎቹ ጀምሮ ነበረው። ማርቲን ግን እስከ 1985 አልነበረውም። ስለዚህ የጎበጠ የድሮ ማርቲን አንገት በቁልፍ አይቃናም። ፍሬቶቹን አውጥቶ ወፈር ባሉ መተካት ያስፈልጋል። እሱንም የሚችል ባለሙያ ይፈልጋል።

በጣትህ መገጣጠሚያ ፊቷንና ጀርባዋን እየዞርክ ቀስ ብለህ አንኳኳ። የሚንዛዛ ነገር ከሰማህ ድጋፍ ተላቋል። ትንሽ መስታወትና መብራት በቀዳዳው አስገብተህ ከድልድዩ ሥር ያለውን ጠፍጣፋ እንጨት ተመልከት፤ ክሮቹ በልተውት ይሆናል። በደንብ የተጠገነ ስንጥቅ አያስፈራህ። ከድልድዩ ጀርባ ያለች ትንሽ እብጠትም ጤና ናት፤ በቀላሉ የተሠራች ጊታር ትንሽ ማበጧ አይቀርም። ፍጹም ጠፍጣፋ ሆና ካገኘኋት እኔ ይበልጥ እጠራጠራለሁ።

ከገዛሃት በኋላ የክፍሉን እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ጠብቀው። ስስ እንጨት ድርቀት አይወድም።

«ቀለሟ ተላልጧል። አስቀባት ወይ?»

አታስቀቢያት። የድሮው ቀለም ስስ ነው፤ አዲሱ ሲደረብበት እንጨቱን ያፍነዋል። ዋጋዋም በጣም ይወርዳል። የተላላጠው እንዳለ ይቆይ።

«ባለ 12 ፍሬቱ ነው ባለ 14ቱ የሚሻለው?»

ወደ ላይኛዎቹ ፍሬቶች ብዙ የምትወጪ ከሆነ 14። ካልሆነ 12ን አንድ ጊዜ ሞክሪው። አንገቱ 12ኛው ፍሬት ላይ ከገላው ጋር ሲገናኝ ድልድዩ ወደ ታች ይወርድና የሰፊው ክፍል መሃል ላይ ይቀመጣል። የፊት እንጨቱ ይበልጥ በነፃነት የሚንቀሳቀሰው እዚያ ነው። ስለዚህ ድምፁ ሞቅና ክብ ይላል። ጊታሯም አጠር ስለምትል ግራ እጅሽ ሩቅ አይዘረጋም። እኔ ወደ 12 አደላለሁ።

«ትንሽ ጊታር ይዞ መዝፈንና መቅረፅ ይቻላል? ድምፅዋ ያንሳል ይሉኛል።»

ከማይክ ፊት ማነሷ ጥቅም ነው። ትልቁን ጊታር ስትቀርፅ የመጀመሪያው ሥራ ጉምጉም የሚለውን ቤዝ መቀነስ ነው። ትንሿ ግን ከዘፋኙ ድምፅ ጋር ሳትጋፋ ትገባለች። ማይኩን 12ኛው ፍሬት አካባቢ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር አርቀህ አቁመው፤ ወደ ቀዳዳው አታዙረው። ዘፋኟ ጆን ባዬዝ የተጫወተችው በ1929 በተሠራ 0-45 በሚባል ማርቲን ነበር። ጊታር ተጫዋቹ ኤሪክ ክላፕተን በ1992 በአኩስቲክ ኮንሰርቱ የያዘው የ1939 ማርቲን 000-42 ነው፤ ያቺ ጊታር በ2004 በጨረታ 791,500 ዶላር ተሸጣለች። ያለ ማይክ ከባንድ ጋር ከሆነ ግን እውነታቸውን ነው፤ ከበሮው ይውጣታል።

«ጊታሬ ጎንና ጀርባዋ የብራዚል ሮዝውድ ነው። ይዣት ድንበር ብሻገር ችግር አለው?»

አለው። ይህ እንጨት ከ1992 ጀምሮ ሳይቲስ በሚባለው፣ ለመጥፋት የተቃረቡ ዕፅዋትና እንስሳት ንግድን በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት በጣም ጥብቅ በሆነው ዝርዝር ውስጥ ነው። በ2019 ለተጠናቀቁ የሙዚቃ መሣሪያዎች የመጣው እፎይታ ሌሎቹን ሮዝውዶች እንጂ እሱን አይጨምርም። ለግል የሙዚቃ መሣሪያ የሚሰጥ የምስክር ወረቀት ስላለ ከመንገዱ በፊት አውጪ። ሳድሉና ከአንገቱ ጫፍ ያለው የክር ማረፊያም ከዝሆን ጥርስ አለመሆናቸውን አሳዪ፤ በድሮ ጊታሮች ላይ የተለመደ ነበር። ማሆጋኒ ጊታር ካለችሽ ግን ለጉዞ እሷን ያዢ፤ የተሠራ የማሆጋኒ ጊታር ይህ ወረቀት አያስፈልገውም።