ደም መላሹ ለምን ይዘገያል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ብቀላ በካውቦይ ፊልሞች

(ቀኖቹና ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። የፊልሞቹን መጨረሻ እየተናገርን ስለምንሄድ ገና ያላያችሁ ተጠንቀቁ።)

ጥያቄ፦ ሃያ ገጽ የሚሆን የአጭር ፊልም ስክሪፕት ጽፌያለሁ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ገጾች የልጁ አባት ይገደላል፤ ልጁ ገዳዩን ፍለጋ ይወጣል፤ በመጨረሻ አግኝቶ ይገድለዋል። ያነበቡልኝ ሁሉ «መሐሉ ይሰለቻል» ይሉኛል። የካውቦይ ፊልሞች ይህንኑ ታሪክ ይዘው እንዴት ሁለት ሰዓት ያስቀምጡናል? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ መሐሉ የሚሰለቸው መጀመሪያው ሁሉን ስለጨረሰው ነው። ማን እንደሞተ፣ ማን እንደገደለ፣ ልጁ ምን እንደሚፈልግ በሦስት ገጽ ነግረውናል። ከዚያ ወዲያ የቀረን ተኩሱን መጠበቅ ብቻ ነው፤ ተኩስ ደግሞ ሁሉም ፊልም ላይ አለ።

የሰርጂዮ ሊዮኔን «ዋንስ አፖን ኤ ታይም ኢን ዘ ዌስት» (1968) ይመልከቱ። ቻርልስ ብሮንሰን የሚጫወተው ሰው ስም የለውም፤ አንገቱ ላይ ያንጠለጠላት ሃርሞኒካ ብቻ አለችው። ፍራንክ የተባለውን ነፍሰ ገዳይ (ሄንሪ ፎንዳ ነው) እንደሚፈልግ እናውቃለን፤ ለምን እንደሚፈልገው ግን አይነገረንም። ትዝታው በየመሐሉ ብቅ ይላል። መጀመሪያ አንድ የደበዘዘ ሰው ከሩቅ ወደ እኛ ሲራመድ እናያለን፤ በሌላ ጊዜ ቀረብ ይላል፤ ፊቱ የሚጠራው ግን ሁለቱ ለመጨረሻ ጊዜ ፊት ለፊት ሲቆሙ ነው። ያኔ ባለሃርሞኒካውን ገና ብላቴና ሳለ እናየዋለን። ወንድሙ አንገቱ ሸምቀቆ ውስጥ ገብቶ በብላቴናው ትከሻ ላይ ቆሟል፤ ፍራንክ ሃርሞኒካዋን ልጁ አፍ ውስጥ ይወትፋል። የልጁ ጉልበት ከዳ ማለት ወንድሙ ተሰቀለ ማለት ነው። ስንሰማው የቆየነው ዜማ ከየት እንደመጣ የሚገባን ያን ጊዜ ነው።

አሁን ወደ እርስዎ ስክሪፕት። በተለምዶ አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ ያህል ስለሚሆን ሃያ ደቂቃ አለዎት። ግድያውን ከመጀመሪያው ያውጡትና ለሦስት ከፍለው ገጽ 4፣ ገጽ 10 እና ገጽ 17 አካባቢ ያስገቡት። እያንዳንዱ ቁራጭ አዲስ ነገር ይጨምር፤ ያንኑ ምስል ከደገሙት ተመልካቹ ስልኩን ያነሳል። የገዳዩን ፊት እስከ ሦስተኛው ድረስ አያሳዩ። ምክንያቱን ሲደብቁ ደግሞ በምትኩ የምንይዘው ነገር ይስጡን፤ ገጽ 1 ወይም 2 ላይ ይታይ፣ ድምፅ ያለው ዕቃ ቢሆን ይመረጣል። ሊዮኔ በ1965ቱ «ፎር ኤ ፊው ዶላርስ ሞር» ይህን ሥራ የሰጠው ዜማ ለምታሰማ የኪስ ሰዓት ነው። ሁሉን የሚያበላሸው አንድ ጎረቤት ቁጭ ብሎ «አባትህን የገደለው እኮ…» እያለ የሚተርክበት ገጽ ነው። እንደዚያ ያለ ገጽ ካለዎት ይቅደዱት።

ደመኛውንም ይዩት። በጀማሪ ስክሪፕቶች ገዳዩ እስኪገደል ከመጠበቅ ሌላ ሥራ የለውም። ፍራንክ ግን የራሱ ሐሳብ አለው፤ ለባቡር ባለሀብቱ መግደል ሰልችቶት እሱም ነጋዴ መሆን ይፈልጋል። በመጨረሻ ወደ ብሮንሰን የሚመጣውም ተሳድዶ አይደለም፤ ይህ ሰው ማን እንደሆነ ሳያውቅ መኖር ስላልቻለ በገዛ እግሩ ይመጣል።

ለአነስተኛ በጀት የሚቀርበው ግን ባድ ቤቲከር በ1959 የሠራው «ራይድ ሎንሰም» ነው። 73 ደቂቃ ነው፤ ጥቂት ተዋንያን፣ ፈረሶችና ሜዳ፤ ቤት ውስጥ ገባ የሚል ትዕይንት የለውም ማለት ይቻላል። ራንዶልፍ ስኮት አንድ ወንጀለኛ ወጣት ይዞ ወደ ከተማ ይጓዛል። የሚሄደው ግን በገላጣ መንገድ፣ ሆን ብሎ ቀስ እያለ ነው፤ አብረውት ያሉት ግራ ይገባቸዋል። ለካ ወጣቱ ማጥመጃ ኖሯል። ስኮት የሚጠብቀው የወጣቱን ወንድም፣ የገዛ ሚስቱን የሰቀለበትን ሰው ነው። እዚህ መዘግየቱ ራሱ ወጥመድ ስለሆነ መሐሉ አይሰለችም።

ጥያቄ፦ በድሮዎቹ ፊልሞች አክተሩ ገዳዩን አሳድዶ ከደረሰበት በኋላ ገዳዩ ገደል ገብቶ ወይም ሌላ ሰው ተኩሶበት ይሞታል። ለምን ራሱ አይገድለውም? (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ ደንብ ነበረባቸው። የሆሊውድ ስቱዲዮዎች በ1930 የተቀበሉት፣ ከ1934 ጀምሮ በጥብቅ የተሠራበት የሥነ ምግባር ደንብ (የሄይስ ኮድ ይባላል) በዘመናችን የሚፈጸም ብቀላ ተገቢ ተደርጎ እንዳይቀርብ ይከለክላል። ደንቡን ማክበሩ ተረጋግጦ ማኅተም ያላገኘ ፊልም ያሰራጨ የስቱዲዮዎቹ ማኅበር አባል ኩባንያ 25,000 ዶላር ይቀጣ ነበር። ሕግ ባልነበረበት አገርና ዘመን ብቀላ አልፎ አልፎ ሊታይ እንደሚችል ደንቡ ራሱ ይፈቅዳል፤ የካውቦይ ፊልም የገባው በዚህች ቀዳዳ ነው። ቢሆንም ጸሐፊዎቹ መጠንቀቃቸው አልቀረም። ገዳዩ ቀድሞ ሽጉጥ ይመዛል፣ አሳዳጁ የሸሪፍ ኮከብ ይለጥፋል፣ ወይም መጨረሻ ላይ ይጸጸታል።

ከዚህ ሁሉ ብልሃት ጠንካራው ያለው «ዘ ብራቫዶስ» (1958) ውስጥ ነው። ግሪጎሪ ፔክ ሚስቴን ገድለዋል ያላቸውን አራት ሰዎች ያሳድዳል። ሦስቱን ገድሎ አራተኛው ጋ ሲደርስ ገዳዮቹ እነሱ እንዳልነበሩ ይረዳል፤ ገዳዩ የገዛ ጎረቤቱ ነበር። ደንቡ በ1968 በዕድሜ ደረጃ ምደባ ተተካ። ከዚያ በኋላ ብዙ ሬሳ የሚቆጥሩ፣ ከ«ብራቫዶስ» ግን ግማሹን ያህል እንኳ የማይከብዱ ፊልሞች በርክተዋል።

ጥያቄ፦ ከእነዚህ ታሪኮች በእውነት የተፈጸመ አለ? (ከቨርጂኒያ፣ አሜሪካ)

መልስ፦ አለ፤ ስመ ጥሩው የአሪዞናው ሕግ አስከባሪ የዋያት ኧርፕ ታሪክ ነው። ኧርፖቹ ከጠላቶቻቸው ጋር በኦኬ ኮራል የተታኮሱት ጥቅምት 26 ቀን 1881 ነበር። ታኅሣሥ 28 ወንድሙ ቨርጂል በጥይት ቆሰለ፤ መጋቢት 18 ቀን 1882 ደግሞ ሌላው ወንድሙ ሞርጋን ቶምስቶን ከተማ ውስጥ ቢሊያርድ ሲጫወት ከኋላ በር በተተኮሰ ጥይት ተገደለ። ከሁለት ቀን በኋላ ዋያት ቁስለኛውን ቨርጂልን ወደ ካሊፎርኒያ ለማሳፈር በመጣበት የቱሳን ባቡር ጣቢያ በሞርጋን ግድያ የተጠረጠረው ፍራንክ ስቲልዌል ተገደለ። ፊልሞች የሚዘሉት ዋና ነገር ይኼ ነው፤ ዋያት የፌዴራል ምክትል ማርሻል ሥልጣን ይዞ ተፈላጊዎችን ሲያሳድድ፣ የአውራጃው ሸሪፍ ደግሞ በስቲልዌል ግድያ የመያዣ ትእዛዝ ይዞ እሱን ያሳድደው ነበር። ዋያት ሚያዝያ ላይ አሪዞናን ለቆ ወጣ።

በ1946ቱ «ማይ ዳርሊንግ ክሌመንታይን» የታሪኩ መነሻ የታናሽ ወንድሙ የጄምስ መገደል ነው። እውነተኛው ጄምስ የዋያት ታላቅ ነበር፤ የሞተውም በ1926 ነው።

ጥያቄ፦ አክተሩ ከአንድ ስድስት ጎራሽ ዘጠኝ ጥይት ሲተኩስ ቆጥሬያለሁ። ወንድሜ «የድሮ ሽጉጥ ብዙ ይጎርሳል» ይለኛል። (ከጎንደር)

መልስ፦ እርስዎ ልክ ነዎት። የ1873ቱ ኮልት ስድስት ይጎርሳል፤ ጠንቃቃ ባለቤት ደግሞ አምስት ብቻ ያጎርሰዋል፤ መምቻው ጥይት ላይ ካረፈ ሽጉጡ ሲወድቅ ሊባርቅ ይችላልና። ቀለሃው የሚወጣው በጎን ባለች ጠባብ በር አንድ በአንድ ስለሆነ ተኩስ መሐል እንደገና ማጉረስ ጊዜ ይፈጃል። የጥቁር ባሩዱ ጭስ ሌላ ነው፤ ዝግ መጠጥ ቤት ውስጥ ጥቂት ከተተኮሰ በኋላ ማንም ማንን አያይም። ፊልም ሠሪ ፊት ማሳየት ስለሚፈልግ ጭሱን ይቀንሰዋል።

ጥያቄ፦ ሦስት ብቻ ላይ፤ የትኞቹን? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ በጆን ፎርድ «ዘ ሰርቸርስ» (1956) ይጀምሩ። ጆን ዌይን የተማረከች የወንድሙን ልጅ ፍለጋ የወጣ ሰው ሆኖ ይጀምርና፣ ውሎ አድሮ ልጅቷን ሲያገኛት እንዳይገድላት መፍራት እንጀምራለን። ልጅቷን የወሰዳትን፣ ለዓመታት ያደነውን የኮማንቺ ሕንዶች አለቃም የሚገድለው እሱ አይደለም፤ አብሮት ያለው ወጣት ነው (የድሬዳዋው ጠያቂያችን ልብ ይበሉ)። ቀጥሎ የ1968ቱን የሊዮኔን ፊልም፣ በመጨረሻ የክሊንት ኢስትውድን «አንፎርጊቭን» (1992) ይዩ። በዚህኛው የመጀመሪያውን ተፈላጊ ሲገድሉ ሰውየው ወዲያው አይሞትም፤ ሆዱን ተመትቶ ውኃ ይለምናል፤ ተኳሹም ጓደኞቹ ውኃ እንዲሰጡት ተኩሱን ያቆማል።

የሊዮኔን ሲያገኙ ርዝመቱን ይዩ። ለአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ተቆርጦ የወጣው 145 ደቂቃ ገደማ ነው፤ የሚፈልጉት 165ቱን ነው።